ምን ፈርቶ ቆመ?

ሲያትል ላይ ብርዱ መግባቱን ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ኦክቶበር ገባ ብሎ አንድ ማለዳ ጣት ሲቆረጥም ሰው ሁሉ ሂተሩን ይከፍታል፤ ከጸደይ ጀምሮ ላዩ ላይ ሲጠራቀም የከረመው አቧራ ይቃጠልና የሕንፃው ኮሪደር በሙሉ የተለበለበ ፀጉር ይሸታል። አዲስ የመጣ ሰው ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሬኒየር አቬኑ አጠገብ ስንኖር አንዲት እናት «እሳት አደጋ ካልተጠራ» ብለው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ኮሪደር ወጥተው ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሱ። ያረጋጓቸው የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ ናቸው። «እትዬ፣ አቧራ ነው። መስኮት ይክፈቱና ግማሽ ሰዓት ይታገሱት። ከዚያ በኋላ ካልተወው ይጥሩኝ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ከሸተተዎት ግን መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ፣ ከዚያ ይጥሩኝ።»

እኚህን ሰው ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሙያ የተማሩ፣ መፍቻ አቀብዪኝ ሲሉ ፈረንሳይኛ የሚቀድማቸው፣ ለእንግሊዝኛ ብዙም ግድ የሌላቸው ሰው ነበሩ። እሳቸውን ያሳደጋቸው የድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ እኔን የደብረ ብርሃን ብርድ። ቤት የሚያሞቅ ማሽን ሁለታችንም ያየነው ካደግን በኋላ ነው። እሳቸው የቆመ ማሽን አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ሲሠሩ ባትሪ ማብራት እወድ ነበር። እንዲህ ነው የተገጣጠምነው።

ደብረ ብርሃንን ለማያውቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለዳ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ይነጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት እኛ ጋ ሰው እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነው የሚያከብረው። በቤታችን ሙቀት አድራሻ ነበረው፤ ማንደጃው ያለበት ነው። ሰው ወደ እሳቱ ይሄዳል፤ ጀርባው እየበረደው ፊቱን ይሞቃል፤ ፍሙ ሲደክም ያራግባል፣ አመድ ሲለብስ ይቆሰቁሳል። እሳቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማየት ይበቃል። አሜሪካ ስመጣ መጀመሪያ ያጣሁት ይህን ነው። ሙቀቱ ከግድግዳ ሥር ወይም ከወለል ቀዳዳ ይመጣል። የቀረ ቀን ደግሞ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈችው ቴርሞስታት በቀር የት ገባ ተብሎ የሚጠየቅ የለም፤ እሷም ቁጥር ከማሳየት በስተቀር አትናገርም።

አፓርትመንታችን ውስጥ የነበረው ቤዝቦርድ የሚሉት ነው፤ በግድግዳው ሥር የተዘረጋ ረጅም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው፤ እሳት የለው፣ ማራገቢያ የለው። ጋሼ «በረደን» ተብለው ሲጠሩ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ሳይከፍቱ ነበር የሚመለሱት። ሶፋ አስጠግተውበታል፤ ወይም እስከ ወለል የወረደ መጋረጃ ሸፍኖታል። ሙቀቱ የሶፋውን ጀርባ ያበስላል እንጂ ወደ ክፍሉ አይወጣም፤ ማሞቂያው ሲታፈን ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ ስላለው ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል። ጥገናው ሶፋውን ፈቀቅ ማድረግ ነው። ለአበሻ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሶፋው ከግድግዳ ከራቀ ረከቦቱ የት ሊቀመጥ ነው?

ሌላው ብሬከሩ ነው። እነዚህ ማሞቂያዎች በ240 ቮልት ስለሚሠሩ ብሬከራቸው ጥንድ ነው፤ ሲወድቅም መሐል ላይ ተንጠልጥሎ የበራ ይመስላል። ዝም ብለው ወደ ማብሪያው ቢገፉት አይይዝም። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ማጥፊያው መልሶ፣ ከዚያ ነው ማብራት። ወዲያው ተመልሶ ከወደቀ ደግሞ መታገል የለም፤ የሆነ ቦታ የማይነካካ ሽቦ ተነካክቷል። ቴርሞስታቷን እስከ ጥግ ማዞርም ትርፉ ቢል ነው። 68 ፋራናይት ላይ አደረጉት 90 ላይ፣ ቤቱ የሚሞቀው በዚያው ፍጥነት ነው፤ ልዩነቱ የሚያቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዱ እግዜር ይወቀው። ማን ሰማቸው?

ከዚያ ወደ ኪራይ ቤት ገባን። ሲያትል ውስጥ ባሉ ብዙ የድሮ ቤቶች እንደሚታየው፣ ግቢው ውስጥ የነዳጅ ታንከር ተቀብሯል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ በዚያ ነዳጅ የሚሠራ ግዙፍ ፈርነስ ቆሟል። ነዳጁ ከናፍጣ ብዙም አይለይም፤ የመንገድ ግብር ስላልተከፈለበት ለመኪና እንዳይውል ቀይ ቀለም ይገባበታል። ፈርነሱ ላይ አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች። ማሽኑ ነዳጅ ረጭቶ ነበልባል ካላየ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይቆልፋል፤ ቀይዋን ሲጫኗት እንደገና ይሞክራል። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ በበረደው ቁጥር እየደጋገመ ይጫናት ነበር አሉ። በተጫናት ቁጥር ነዳጁ ይረጫል፣ አይነድም፣ እሳት ቤቱ ውስጥ ይጠራቀማል። በመጨረሻ ሲቀጣጠል የተጠራቀመው በአንዴ ነደደና የጭስ ቧንቧውን ከቦታው አወለቀው። እኛ ስንገባ የምድር ቤቱ ጣሪያ አሁንም ጥቀርሻ እንደለበሰ ነበር።

ጋሼ ያንን ጣሪያ አንጋጠው ካዩ በኋላ ነው፣ በኋላ ሳልሰለች የተጠቀምኩበትን ጥያቄ የሰጡኝ። «አንቺ ልጅ፣ ማሽን ሲቆም ምን ተበላሸ አትበዪ። ምን ፈርቶ ቆመ በዪ።»

የዚያን ቀን የፈራው ባዶነትን ነበር። ረጅም ዱላ በታንከሩ አፍ አስገብተው አወጡ፤ የረጠበው ከአራት ጣት አይበልጥም። ታንከሩ ግርጌ ላይ ውሃና ዝቃጭ ስለሚተኛ ይህ ማለት አልቋል ማለት ነው። ነዳጅ ከተቀዳ በኋላም ወዲያው አልነሳም፤ መስመሩ አየር ስቧል። ጋሼ ተንበርክከው ከፓምፑ ጎን ያለችውን ትንሽ ቡሎን ጥቂት አላሏት፣ ከሥር የቲማቲም ጣሳ ደቀኑ። መጀመሪያ ትፍ ትፍ አለ፣ ቀጥሎ አረፋ መጣ፣ አረፋው እየሳሳ ሄዶ ጥርት ያለ ቀይ ዘይት እንደ ክር ሲወርድ ቡሎኗን አጠበቋት። ማሽኑ አጓርቶ ተነሳ። ቀይዋን ቁልፍ የተጫኗት አንዴ ብቻ ነው።

በኋላ ስካይዌይ ሰፈር የገዛነው ቤት በጋዝ የሚሞቅ ነበር፤ ስለዚህ ነገር የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሼ የፈርነሱን በር አወለቁ። በሩ ሲወልቅ ማሽኑን የምታቆም ቁልፍ ስላለች እሷን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይዘው፣ ሌላ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ስሚ» አሉኝ። መብራቱን አጠፋሁት። ቴርሞስታቷ ቀጭ አለች። ትንሽ ማራገቢያ እያፏጨች ተነሳች፤ ሥራዋ የተቃጠለውን አየር በጭስ ቧንቧው ወደ ውጭ መሳብ ነው። ቧንቧው ክፍት መሆኑን የምትመሰክር የግፊት መቆጣጠሪያ አለች፤ እሷ እሺ ካላለች ነገሩ እዚያው ያበቃል። እሺ አለች መሰል፣ እሳቱን የሚለኩሰው ኢግናይተር በጨለማው ውስጥ ብርቱካናማ እየሆነ ጋለ። ቫልቩ ጧ ብሎ ተከፈተ፤ ሰማያዊው ነበልባል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሮጠ። ነበልባሉ ውስጥ የተዘረጋች ቀጭን ዘንግ አለች፤ በእሳቱ ውስጥ የሚያልፍ፣ በሚሊዮንኛ አምፔር የሚቆጠር ኤሌክትሪክ አግኝታ «ነዷል» ብላ ካልመሰከረች ጋዙ በጥቂት ሰከንድ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ካለፈ ከግማሽ ደቂቃ ያህል በኋላ ትልቁ ነፋሽ ተነስቶ የሞቀውን አየር ወደ ክፍሎቹ መግፋት ጀመረ። ጋሼ እንደገና አስጠፍተው እንደገና አስነሱት። «በይ አሁን አንቺ ንገሪኝ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማነው?»

ቅደም ተከተሉን ካወቁ ሥራው የት ላይ እንደቆመ መስማት ነው። ትንሿ ማራገቢያ ተነስታ ኢግናይተሩ ካልጋለ፣ ጫማ አድርጎ ወደ ውጭ ወጥቶ የጭስ መውጫውን ነጭ ፕላስቲክ ቧንቧ አፍ ማየት ነው። እኛ ቤት አንድ ዓመት ቅጠል፣ አንድ ዓመት የወፍ ጎጆ፣ በረዶ የጠናበት ዓመት ደግሞ በረዶው ራሱ አፍኖት ተገኝቷል። ነዶ ወዲያው ከጠፋ፣ ደግሞ ነዶ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ዘንጓ ቆሽሻለች። ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላ በአንዲት ቡሎን ተፈትታ ትወጣለች፤ ከእርሳስ ትቀጥናለች፣ ላይዋ ነጣ ያለ ነገር ለብሷል። ድስት የምንፈትግበት ዓይነት፣ ግን በጣም የላመ የብረት ሽቦ ሁለት ሦስቴ ሲያሻሿት ታበራለች። እሳቱን እያየች መናገር አቅቷት የነበረው በዚያች ስስ ሽፋን ነው። ኢግናይተሩን ግን በጣት መንካት የለም፤ ተሰባሪ ነው፣ የእጅ ቅባትም አይስማማውም።

በየቤቱ ያየሁት ዋናው ጥፋተኛ ግን ፊልተር ነው። አንድ ወዳጃችን ቤት ጋሼ ከቦታው ሲመዙት የደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሸመነው ግራጫ ብርድ ልብስ መስሎ ወጣ። የታፈነ ፊልተር አየር አያሳልፍም፤ ፈርነሱ ውስጡ ይግላል፤ ሊሚት የሚሏት የሙቀት ዘበኛ እሳቱን ታጠፋዋለች፤ ነፋሹ ግን ማሽኑን ለማብረድ መንፋቱን ይቀጥላል። ቤተሰቡ «ሂተሩ ብርድ እየነፋብን ነው» ብሎ ይደውላል። መድኃኒቱ የጥቂት ዶላር ካርቶን ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፈርነሱ እንዲያመለክት አድርጎ መክተት። ለመቆጠብ ብለው የማይተኛበትን ክፍል የአየር ቀዳዳ ሁሉ የሚዘጉ፣ ወይም ምንጣፍ የሚያነጥፉበት ሰዎችም ማሽኑን የሚያስፈሩት በዚያው ነገር ነው። ደረጃው ራስ ላይ ስላለችው የፈርነስ ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ አልናገርም፤ የአምፖል ስለምትመስል እንግዳ ያጠፋታል። ባለሙያ መጥቶ እሷን ብቻ አብርቶ፣ ከመቶ ዶላር በላይ ተቀብሎ የሄደበት ቤት አውቃለሁ። እኛ ቀይ ፕላስተር ለጥፈንባታል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2006 ማታ የተነሳው አውሎ ነፋስ ይህን ሁሉ ዕውቀት ከንቱ አደረገው። ዛፉ በመስመሩ ላይ እየወደቀ በአካባቢው ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ቤትና መሥሪያ ቤት መብራት አጣ፤ አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆየ። ጋዙ አልተቋረጠም። ሰውን ያናደደው ይህ ነበር፤ ጋዝ እያለ ሂተሩ ምን ሆነ? ማራገቢያዎቹም ቫልቩም ዘንጓም የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነዋ። እናቴ ያኔ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ሳሎኑ ሲቀዘቅዝ አልገረማትም፤ የገረማት እኛ ምን እናድርግ እያልን መሯሯጣችን ነው። ለበጋ ጥብስ የተገዛ አንድ ከረጢት ከሰል ጋራዥ ውስጥ አገኘች፤ ከጎረቤታችን ካለችው የአገራችን ልጅ ጋር ሆነው በረንዳው ላይ አያያዙት። ሲጨስ ውጭ አቆዩት። ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ፣ እናቴ ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ ልትገባ ስትል፣ እንዴት ሆናችሁ ሊሉን የመጡት ጋሼ በሩ ላይ ቆሙባት።

«እትዬ፣ ይኼ አይገባም።»

«ለምን? ጨሰ እንዴ? ይዩት እስቲ፣ ፍም ሆኗል እኮ።»

«ፍሙ ነው የሚብሰው።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰል ስሞቅ ነው የኖርኩት፣ ወንድሜ።»

«የሞቁት ደብረ ብርሃን ነዋ! በጣሪያውና በግድግዳው መሐል እጅ ያስገባል። እዚህ መስኮቱ ድርብ ነው፣ በሩ በላስቲክ ተጠቅጥቋል። የገባ አይወጣም።»

እናቴ መልስ አልሰጠቻቸውም። ማንደጃውን መልሳ በረንዳው ላይ አስቀመጠች፤ ቡናውም እዚያው፣ ጋሼ ጃንጥላ ይዘውላት ተፈላ። ጋቢ ተከናንበን ቆመን ጠጣን። ቅር እንዳላት ያወቅነው ሦስተኛውን ለጋሼ ሳትቀዳላቸው ስትቀር ነው።

እናቴ የያዘችው እምነት የብዙዎቻችን ነው። አገር ቤት የሚፈራው ጭሱ ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ሲወጣለት ይገባል፤ ሰው ራሱን ካመመው «በደንብ አልተያያዘም ነበር» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላ ፍምም በብዛት ይወጣል። ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጥንካሬ ይጣበቅበታል። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ። ብርድ ሲያንገላታው ለዋለ ሰው እንቅልፉ ደስ የሚል ነገር ይመስለዋል። በዚያ ሳምንት በሲያትልና በዙሪያዋ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ፣ ጋራዥ ውስጥ ጄኔሬተር ያስነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ደግሞ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ከሰል ካነደዱት አብዛኞቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ በፊት ገጹ በበርካታ ቋንቋዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዋሽንግተን ግዛት በአዳዲስና በሚከራዩ ቤቶች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲሰቀል የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ያኔ እናቴ ጋዜጣውን ማንበብ ባትችልም ፎቶዎቹን አይታለች። በማግስቱ ለጋሼ ሦስተኛውንም ቀዳችላቸው።

የጋሼ ጥያቄ ለከሰል አይሠራም። ማንደጃ የሚፈራው ነገር የለም፤ ቧንቧ ታፍኗል ብሎ አይቆምም፣ የክፍሉ አየር አልቋል ብሎ አይጠፋም። አፉ ተከፍቶ የሚሞቁት የጋዝ ምድጃም ለክፍል ማሞቂያነት አልተሠራም። ስለዚህ ዛሬ የግፊት መቆጣጠሪያዋን ወይም ሊሚቷን በሽቦ አገናኝቶ መዝለልን እንደ ብልሃት የሚያስተምር ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ፈርነሱን ማንደጃ ማድረግ ነው እኮ! ዘንግ መፈተግ፣ ፊልተር መቀየር፣ ቅጠል መጥረግ የማንም እጅ ሥራ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ ወይም ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ግን ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ ሳይነኩ ልጆቹን ይዞ መውጣት፣ ስልኩንም ከውጭ ሆኖ መደወል ነው። በዚያ አውሎ ነፋስ እኛን ያተረፈን አንድ ክፍል ነበር፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ፍራሽ ሁሉ እዚያ አምጥተን፣ ሁላችንም እዚያ ተኛን። እናቴ ይህን ዝግጅት ወደደችው። ሌላው ቤት ሁሉ ለምን እንደሚሞቅ ድሮውንም አልገባትም ነበር።

ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ድሬዳዋ ገቡ። ሂተር የሚባል ነገር ሰው የማያስታውስበት ከተማ ተቀምጠው፣ ዲሴምበር በመጣ ቁጥር ስለ ፈርነሳችን ጤና ይጠይቃሉ። ያረጀውን አውጥተን ሂት ፓምፕ ማስገባታችንን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። እሳት የለውም፤ በፍሪጅ አሠራር፣ ውጭ ካለው ቀዝቃዛ አየር ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ቤት ያስገባል። ሰውን የሚያሳስበው ችግርም አብሮ መጥቷል። የሚነፋው አየር እንደ ፈርነሱ የሚያቃጥል ሳይሆን ለብ ያለ ነው፤ ሳያቋርጥም ለረጅም ሰዓት ይሠራል፤ ፈርነስ የለመደ ሰው ተበላሸ ይላል። ውርጭ በጣለበት ማለዳ ደግሞ የውጭው ሳጥን ድንገት ቆሞ እንፋሎት ይተፋል። ጎረቤታችን ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው ብሎ በር ደብድቦ ቀስቅሶናል።

«ውርጭ ይዞት ነዋ» አሉ ጋሼ ወዲያው፤ ማሽኑን አይተውት አያውቁም። «እያቀለጠው ነው። ግን የሚያቀልጥበትን ሙቀት ከየት ያመጣል?»

ላስገባልን ልጅ ደውዬ ጠየቅሁት። ከቤቱ ነው የሚወስደው አለኝ፤ ለጥቂት ደቂቃ አዟዙሮ ይሠራና ከውስጥ ወደ ውጭ ሙቀት ያወጣል፤ የጎደለውን በኤሌክትሪክ የሚግል ተጨማሪ ማሞቂያ ይሞላዋል። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አዟዙሮ ማለት» አሉ በመጨረሻ፣ «በጋ ሲሆን ቤቱን ያቀዘቅዛል ማለት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ያቀዘቅዛል።»

«አንቺ! ታዲያ ይኼንን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? ስንት ነው?»